ከሞት በኋላ የመጣ ማዕርግ



ኒሻን ያየ ሁሉ ወርቁን ያደንቃል፤ የተከፈለበትን ዋጋ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከእንፍራንዝ ደጋ እጅግ በሚርቀው በኦጋዴን በረሓ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት የጎራሄን ምሽግ ይጠብቁ ነበር። በጥቅምት 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በጣሉት ቦምብ ክፉኛ ቆሰሉ። ወደ ሐኪም እንዲሄዱ ቢለመኑም ጦሩ እንዳይፈታ ሲሉ እንቢ አሉ፤ በዚያው ቁስል ሞቱ። የፈሩትም አልቀረ፤ እርሳቸው ሲያርፉ ጦሩ ስፍራውን ለቀቀ። ለካስ ምሽጉ እርሳቸው ኖረዋል!

የደጃዝማችነት ማዕርግ የተሰጣቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ሹመቱን ሳያዩ ግዳጃቸውን ፈጸሙ። እኛም፣ ጓደኞቼ፣ የሚያመሰግነን ሰው ባይኖር እንኳ የተሰጠንን ሥራ ጥለን አንሂድ።