ከእግር በታች ያለ መስቀል

ዛሬ በወልድያ፣ በድልብ አድርገን ወደ ላስታ ደጋ እንውጣ፤ ላሊበላ፣ ቤተ ጊዮርጊስ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከሩቅ አይታይም። አፋፉ ላይ ሲቆሙ ግን ከእግር በታች ትልቅ የድንጋይ መስቀል ሆኖ ብቅ ይላል። ጣሪያው ላይ ደግሞ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ 3 መስቀሎች አሉ።

እንዴት ተሠራ? ጠራቢዎቹ ቀዩን አለት ዙሪያውን 12 ሜትር ገደማ ቆፍረው መሃሉን አስቀሩት። ከዚያ ከጣሪያው ጀምረው ወደ ታች ጠረቡት፤ ውስጡንም ፈለፈሉት። ልብ በሉ፦ አንድ ምት ቢስት መተኪያ ድንጋይ የለም! ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው ጥበባቸው ይህ ነው።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። አለቱን ዝናብና ፀሐይ ይሸረሽሩታል። እባካችሁ፣ ለመሳለም ስትሄዱ ግድግዳውን አትፋቁ፤ ስማችሁንም አትጻፉበት።