ሼር ከማድረጋችን በፊት



ዛሬ ስለ ጠላት አላወራም፤ ስለ እኛ ነው። ተመርቄ ሥራ ፈላጊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነው የምውለው። ስለዚህ ከእናንተ ተሽዬ እንዳይመስላችሁ።

ፌስቡክን መጀመሪያ ያየሁት ኢንተርኔት ቤት ነው፣ በደቂቃ እየከፈልኩ። አማርኛን በላቲን ፊደል ነበር የምንጽፈው። ዛሬ በራሳችን ፊደል እንጽፋለን፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም! ያኔ ረጅም ጽሑፍ ይነበብ ነበር። የጻፈም ዋጋ ይከፍላል፤ የዞን 9 ጦማሪዎች በሚያዝያ 2006 የታሰሩት በብዕራቸው ነው። በሰኔ 2010 ከ200 በላይ የታገዱ ድረ ገጾች ሲከፈቱ ነፃ ወጣን አልን። መዘጋቱ ግን አልቀረም። በ2012 ከሃጫሉ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት ጠፋ፤ በ2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ለወራት በቪፒኤን ኖርን።

እሺ፣ እሱ የመንግሥት ነው። የእኛስ?

በፈረንጆቹ 2018 ፌስቡክ ሰው የሚነጋገርበትን ፖስት እንዲያስቀድም አሠራሩን ቀየረ። ሰው ደግሞ ብዙ የሚናገረው ሲናደድ ነው። ቲክቶክ ላይቭ ላይማ ብሔር ከብሔር እያሰዳደበ ስጦታ የሚለቅም አለ። ማንም ያሸንፍ ማን፣ ገንዘቡ የእሱና የኩባንያው ነው።

እኔም አንድ ቀን የተቃጠለ ቤት ፎቶ ለጠፍኩ፤ «የወገናችን ቤት ነው» ብዬ። ላይኩ ጎረፈ። በሁለተኛው ቀን አንድ ልጅ በውስጥ መስመር «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የሌላ አገር የቆየ ፎቶ ነው» አለኝ። ሳጣራ እውነቱን ነው። አጠፋሁት። ግን ስንቱ ወስዶት ነበር! ከሥሩ አንዱ የሰፈሩን ሰዎች ስም ጠርቶ «ብድራችንን እንመልሳለን» ብሎ ጽፏል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የባሰው የመጣው በኋላ ነው። የእውነት ቤት ተቃጥሎ፣ የእውነት እናት እያለቀሰች ቪዲዮ ስንለቅ «እነዚህ የታወቁ ውሸታሞች ናቸው» ተባልን። ማስረጃውም የእኔ ፎቶ ነበር። የዚያችን እናት እንባ ያስካድኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ፎቶ ያለው ቦታውንና ቀኑን ጽፎ ለአድሚኖች ይላክ። እዚያው ላለ ሰው ደውለን እናጣራለን። ቢዘገይም ይዘግይ።

ያንን ፎቶ እስካሁን በስልካችሁ የያዛችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ አጥፉልኝ።