በኮሮና ጊዜ ስለ ዘገየው የጡት ካንሰር ሕክምና
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዳኛችን እንድናገር ሲፈቅዱልኝ፣ «አንተ ሐኪም አይደለህ፣ ስለ ሕክምና ምን ትናገራለህ?» ያለኝ ወዳጅ አልጠፋም። እውነቱን ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ነው። ነገር ግን የምናገረው በገዛ ቤቴ የደረሰውን ነው። የሕክምናውንም ነገር ቢሆን ከሚያውቁት ጠይቄ በደብተሬ ላይ የጻፍኩት ነው።

እንደምታስታውሱት ኮሮና ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታክሲው ግማሽ ሰው እንዲጭን ሆኖ ሒሳቡ እጥፍ ገባ። በቀብር ላይ ከ50 ሰው በላይ እንዳይገኝ ተከለከለና የእኛም ድንኳን ታጥፎ ዕቃ ቤት ተቀመጠ። ይህን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላረዝመውም።

በሚያዝያ ወር ታናሽ እኅቴ ለባለቤቴ አንድ ነገር ነገረቻት። በግራ ጡቷ ላይ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ጠጣር ነገር በእጇ አግኝታለች፤ አያማትም። «ሐኪም ቤት ልሂድ ወይስ ልቆይ? ጋሼን ጠይቂልኝ» ነው ያለቻት። ባለቤቴ ማታ ስትነግረኝ ብዙም ሳላስብ፣ «ካላመማት ምን አስቸኮላት? ይህ ወረርሽኝ ይለፍና ትሄዳለች። አሁን ሐኪም ቤት ብትሄድ ኮሮና ይዛ ነው የምትመጣ» አልኩ። ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ የምንኖረውም በአንድ ግቢ ነው። የፈራሁት ለእሷ ብቻ አልነበረም።

እሷም ቃሌን አከበረች። ክረምቱ አለፈ፤ መስቀል አለፈ፤ ገና አለፈ። ሐኪም ቤት የሄደችው በጥር 2013 ዓ.ም. ብብቷ ሥር ሲያብጥ ነው። ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ፣ «መጀመሪያ ያየሽው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃት። «በሚያዝያ» አለችው። ለምን እንደ ቆየች ሲጠይቃት ግን የእኔን ስም አላነሳችም፤ «ፈርቼ ነው» አለች። እኔም እዚያው አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ።

በመዝገብ ቤት ሥራዬ አንድ ፋይል ዘጠኝ ወር ቢቀመጥ ያው ፋይል ነው፤ አቧራውን አራግፌ ከነበረበት እቀጥላለሁ። የእኅቴንም ጉዳይ እንደዚያው ነበር የቆጠርኩት። የጡት ካንሰር ግን ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ባያምምም እያደገ ወደ ብብት ዕጢዎች፣ ከዚያም ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባና ወደ ጉበት ሊሄድ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳለው፣ የካንሰር ቀዶ ሕክምና በአራት ሳምንት በዘገየ ቁጥር የመሞት አደጋው ከመቶ ከ6 እስከ 8 እጅ ይጨምራል። ይህን የሰማሁ ለት ዘጠኙን ወር በአራት በአራት ሳምንት ቆጠርኩት።

የዘገየችው የእኔ እኅት ብቻ አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2012 ዓ.ም. 155 አገሮችን ጠይቆ፣ ከመቶ በ42ቱ አገሮች የካንሰር ሕክምና በከፊል ወይም በሙሉ መስተጓጎሉን አስታውቋል። በእኛም አገር ኮሮና ሲገባ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ወረፋው ከዚያ በፊትም ረጅም ነበር፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ሕመምተኛ ደግሞ መንገዱ ሲጠብ ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። በዚያ ጊዜ ሐኪሞችም ራሳቸው ቀጠሮ ያራዘሙላቸው ነበሩ። ኬሞ የሚባለው መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ሐኪም ሲያቆይ መርምሮ ነው። በሆርሞን የሚያድገው ዓይነት ካንሰር ያለባትን አንዳንዷን ሴት፣ ኦፕራሲዮኑ እስኪደርስ በሚዋጥ ኪኒን ያቆዩ ነበር። በእንግሊዝ አገር በሦስት ሳምንት 15 ጊዜ ይሰጥ የነበረው ጨረር በአንድ ሳምንት 5 ጊዜ ቢሰጥ ውጤቱ እንደማያንስ፣ ከ4,000 በላይ ሕመምተኞች የተካፈሉበት ጥናት በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ወጣ። ብዙ ሐኪም ቤቶችም ሕመምተኛው እንዳይመላለስ ብለው ቶሎ ሥራ ላይ አዋሉት። እኅቴን ያቆየኋት ግን እኔ ነኝ፤ ምን ዓይነት እብጠት እንደሆነ ሳይታወቅ። ሚያዝያ ላይ ታይታ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚያውቅ ሰው ይወስንላት ነበር።

ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ኬሞውንም ወሰደች። ጠጉሯ ረግፎ ሻሽ አስራ ከቤት ስትወጣ ያያችኋት ትኖራላችሁ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ዐረፈች። ቀድማ ብትሄድ ትድን ነበር ብሎ ሐኪሙ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ድንኳኑን የተከላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሦስቱን ቀን አብራችሁኝ አድራችኋል። ገንዘብ ያዡም የሚገባንን ሳይጎድል በዕለቱ አምጥቶ ሰጥቶኛል፤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ያን ገንዘብ ስቆጥር አንድ ነገር ታሰበኝ። እኅቴ በሕይወት ሳለች ለታክሲና ለምርመራ የተበደረችው ከዚህ ያነሰ ነበር። በደንባችን ግን ለታመመ አባል የተጻፈ ነገር የለም።

«እድር ለሞተ ነው፤ ለታመመ ካወጣን ካዝናው ይራቆታል» የሚሉ አሉ። ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔም መዋጮ ከፋይ ነኝ። ስለዚህ ያቀረብኩት ስጦታ ሳይሆን ብድር ነው። አንድ አባል ወይም ቤተሰቡ ሐኪም ምርመራ አዞለት የሚከፍለው ቢያጣ፣ ለቀብር ከሚሰጠው ሩቡን ቀድሞ እንዲበደርና በየወሩ እንዲመልስ ነው። ጽሑፉን ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ትወስኑበታላችሁ።

እስከዚያው ግን፣ በጡቷ ላይ እብጠት ወይም የቆዳ መጨማደድ ያየች፣ ወይም ከጡቷ ጫፍ ደም የወጣባት ብትኖር፣ ስብሰባውን አትጠብቅ። ወንድም ቢሆን አልፎ አልፎ ይይዘዋልና አይፈር። ለባሏ ወይም ለወንድሟ መንገር የከበዳት ለባለቤቴ ትንገራት። ቅዳሜ ጠዋት ከቤት አትወጣም፤ ሰኞ አብራ ሐኪም ቤት ትሄዳለች። የታክሲውን እኔ እችላለሁ።