ፕሮግራም ከመጻፍ በፊት የጉዳዩን መንገድ ማወቅ
(በዕድራችን አዳራሽ ኮምፒዩተር ለሚማሩ የሠፈራችን ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ የሥራ ፍሰት ስለሚባለው የሶፍትዌር ዓይነት ነው። ይኸውም አንድ ጉዳይ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እየተላለፈ እስኪያልቅ ድረስ ተራውን የሚያስጠብቅ ፕሮግራም ማለት ነው። የባንክ ብድርም የመሥሪያ ቤት ግዢም በዚህ ይሄዳል። ሩቅ አንሂድ፤ የራሳችንን ዕድር እንውሰድ።

አባል ሲያርፍ ቤተ ሰቡ ለጸሐፊው ያስታውቃል። ጸሐፊው መዋጮው መከፈሉን ከመዝገብ ያያል፤ ሰብሳቢው ይፈርማሉ፤ ገንዘብ ያዡ ይከፍላሉ። ይህን ተማሪ ሳምንት ሳይሞላው ጽፎ ያመጣዋል። ታዲያ ሰብሳቢው ለለቅሶ ክፍለ ሀገር ሄደው ቢሆንስ? ፕሮግራሙ «ፊርማ ይጠበቃል» ብሎ ቁጭ ይላል፤ አስከሬን ግን አይጠብቅም። ስለዚህ በዚህን ያህል ሰዓት ካልተፈረመ ወደ ምክትሉ ይለፍ የሚለው ከመጀመሪያው መግባት አለበት። የሦስት ወር ውዝፍ ያለበትስ? ጉዳዩ ይመለሳል ወይስ ውዝፉ ተቀንሶ ይከፈላል? ይህን የሚወስነው እኮ ጠቅላላ ጉባዔው እንጂ ፕሮግራመሩ አይደለም። መተዳደሪያ ደንቡን ሳያነብ፣ ከጸሐፊው አጠገብ ተቀምጦ ሳይጠይቅ ኮምፒዩተር የሚከፍት ልጅ የሚሠራው የራሱን ዕድር ነው።

መንገዱን ለመሣል ቢፒኤምኤን የሚባል የታወቀ የምልክት ሥርዓት አለ፤ ሁለተኛው ዕትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ክብ መጀመሪያና መጨረሻ፣ ማዕዘኑ የተድበለበለ ሣጥን ሥራ፣ ዳይመንድ የሚመስለው ደግሞ መንገድ የሚለይበት ቦታ ነው። ሥዕሉን እንዳለ የሚያስኬዱ፣ በጃቫ የተጻፉ አክቲቪቲና ፍሎዌብል የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ምንጫቸው ክፍት ነው። ጃቫና ዳታቤዝ ሳይችሉ በእነሱ መጀመር ግን ትርፉ ድካም ነው።

እነዚህ ፕሮግራሞች ጉዳዩ የት እንደ ደረሰ በዳታቤዝ ይመዘግባሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መጨረሻ ከተመዘገበው ላይ ይቀጥላሉ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው! ገንዘቡ በባንክ ተላልፎ «ተከፍሏል» ተብሎ ሳይመዘገብ መብራት ቢጠፋ፣ ፕሮግራሙ ሲነሣ እንደገና ሊከፍል ይችላል። የዕድር ገንዘብ ደግሞ የጡረተኛውና የጉልት ነጋዴዋ ሳንቲም ነው። መፍትሔው ክፍያው ከመላኩ በፊት የራሱን ቁጥር ሰጥቶ መመዝገብ፣ ባንኩም ያንኑ ቁጥር ዳግመኛ ሲያይ የማይከፍል መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ነው። ተማሪ በስክሪኑ ቀለም ሲጨነቅ ሳይ ይህን ጠይቄው እሄዳለሁ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዱ ተማሪ የዕድራችንን የክፍያ መንገድ በወረቀት ሥሎ ይምጣ። ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ጸሐፊያችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ይዘው በአዳራሹ ስለሚገኙ ጠይቋቸው፤ ደንቡ መልስ የማይሰጥበት ጥያቄ ካጋጠማችሁ ጽፋችሁ አምጡት፣ ለጉባዔው ይቀርባል።