ችብሃን መግረዝ፦ በሸክላ ሳሕንና በግንብ ላይ



በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ችብሃ ነው። የዋርካና የሾላ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ሦስቱም ፋይከስ በሚባለው ወገን ይመደባሉ። ይህ ችግኝ ቁስቋም ውስጥ በአንድ ቤት የድንጋይ አጥር ላይ በቅሎ፣ ተነቅሎ ሊጣል ሲል ወስጄ በዝርግ የሸክላ ሳሕን የተከልሁት ነው። ጃፓኖች ዛፍን እንዲህ አሳንሶ የማሳደግን ጥበብ ቦንሳይ ይሉታል። እንደምታዩት እንደ ሸምበቆ ሽቅብ ወጥቷል፤ ቅርንጫፍ የለውም። ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ምን እናድርግ? መልሱ አጭር ነው፤ ጫፉን መቁረጥ። ምክንያቱ ግን አጭር አይደለም፤ ከዚህ ሳሕን አልፎ እስከ ነገሥታቱ ግንብ ድረስ የሚዘልቅ ነው።

በእያንዳንዱ ቅጠልና ግንድ መጋጠሚያ ላይ አንድ እንቡጥ ተኝቶ ይገኛል። ከጫፍ ወደ ታች የሚወርደው ኦክሲን የተባለ ሆርሞን እንዳይነቃ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1933 ቲማንና ስኩግ ይህን ያሳዩት በባቄላ ላይ ነበር፤ እኛ በደጋው በምንዘራው በዚያው ባቄላ። ጫፉን ሲቆርጡት የጎን እንቡጦች ነቁ፤ በቁስሉ ላይ ኦክሲን ሲያኖሩበት እንደ ተኙ ቀሩ። ለብዙ ዓመታት ነገሩ በዚህ የተቋጨ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በአተር ላይ የታተመ ጥናት ግን እንቡጡ መንቃት የሚጀምረው የኦክሲኑ መጉደል ገና ሳይደርስበት መሆኑን አሳየ። ቀድሞ የሚደርሰው ስኳር ነው፤ ጫፉ ይወስደው የነበረው ምግብ ወደ ጎን ይዞራል። ለተግባር የሚጠቅመን ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ መቁረጥ ጉልበት አይፈጥርም፣ ያለውን ያዞራል እንጂ። የተራበ ዛፍ ቢቆረጥ የሚያዞረው የለውም።

ስለዚህ መቀስ ከማንሳታችን በፊት ዛፉ በደንብ የበላና የጠጣ መሆኑን እናያለን። ለጎንደር የምመርጠው ጊዜ ግንቦትና ሰኔ ነው፤ ሙቀቱ ሳይለቅ ዝናቡ ሲቃረብ። በታኅሣሥ ብርድ የተቆረጠ ቁስል ቶሎ አይሽርም። ቅርንጫፍ ከምንፈልግበት አንጓ ጥቂት ከፍ ብለን እንቆርጣለን፤ ቁራጩ ወደ ታች ጥቂት ስለሚደርቅ፣ አንጓው ላይ ተጠግቶ መቁረጥ የምንፈልገውን እንቡጥ ሊገድለው ይችላል። ከቁራጩ በታች ቅጠሎች ይቅሩለት። የሚፈሰውን ነጭ ወተት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ እጅንም መታጠብ ያስፈልጋል፤ ቆዳና ዓይን ይቆጠቁጣል። ከዚያ ወዲያ ቅጠሉ ስላነሰ የሚጠጣውም ውኃ ያንሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አዝኖለት ውኃ ያበዛበትና ሥሩን ያበሰብሰዋል። ከሚወጡት ቡቃያዎች በተለያየ አቅጣጫ ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት መርጦ የቀሩትን ማንሳት ነው። የቡና ገበሬዎቻችን ያረጀ ቡና ጎንድለው ከሚፈላው ቡቃያ ጥቂቱን ብቻ የሚያስቀሩት በዚሁ ሕግ ነው፤ ያውም ስለ ኦክሲን ማንም ሳይነግራቸው።

አሁን ወደ ግንቡ እንሂድ። የአፄ ፋሲልን መዋኛ ያየ ሁሉ ሥሮቻቸው ግድግዳውን አቅፈው የወረዱትን ዛፎች አይረሳም፤ እነርሱም የዚሁ ወገን ናቸው። ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን በድንጋይ ስንጥቅ ትጥላለች፤ ዘሩም በኖራው ማያያዣ መካከል ባገኛት ጥቂት እርጥበት ይበቅላል። ጣራ አልባ ግድግዳ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ይጠጣል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ያሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ቤተ መንግሥት ፍርስራሹ የቆመው እንዲህ ባለው ዝናብ ውስጥ ነው።

በግንብ ላይ የበቀለን ዛፍ ብዙ ጊዜ ከላይ በገጀራ እንመለምለዋለን። ለዓይን ግንቡ የጸዳ ይመስላል። ነገር ግን ያደረግነው በዚህ ሳሕን ላይ ልናደርግ የምንፈልገውን ነው፤ ጫፉን አንሥተን የተኙትን እንቡጦች ቀሰቀስን፣ ሥሩንም በድንጋዮቹ መካከል ተውነው። አንድ የነበረው ግንድ ሦስትና አራት ሆኖ ይመለሳል። እስከሚቀጥለው ምልመላ ባለው ጊዜ ደግሞ አዲሱ ቅጠል ሥሩ ያወጣውን ስንቅ መልሶ ይከፍለዋል።

እንግዲያው በመድኃኒት እንግደለው የሚል አሳብ አንዳንዴ እሰማለሁ። ለትልቅ ዛፍ ይህን አልደግፍም። የሞተ ሥር ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም ደግፎት የነበረው ድንጋይ ባዶ ላይ ይቀራል። በእኔ አስተያየት የአንድ ዓመቱ ችግኝ ዝናቡ ባረጠበው ጊዜ ከነሥሩ ይነቀል፤ ስንጥቁም በኖራ ይደፈን፣ በሲሚንቶ ሳይሆን፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ይይዛልና። ድንጋይ አቅፎ የያዘው ሽማግሌ ዛፍ ግን የቅርስ ጥገና መሐንዲስ ሳያየው አይነካ፤ ነፋስ እንዳይጥለው አናቱን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማቅለል ቢያስፈልግ፣ ያንንም ከእርሱ ጋር ተማክሮ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ፣ አስፈቅደን፣ ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር ወደ ቁስቋም እንወጣለን። በግድግዳው ላይ የበቀለ ካለ ችግኙን ከአሮጌው ለይተን እንመዘግባለን። ደብተርና ሜትር ያዙ፤ መቀስ አያስፈልግም። አሁን ጥያቄ ካላችሁ መድረኩ የእናንተ ነው።