የጭሰኛው ዝምታና የባለርስቱ ድምፅ

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ስለተባለው ፊልም የድምፅ አሠራር በብሥራተ ገብርኤል ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር




ከሲኒማ ቤት የሚወጣ ሰው «ፊልም አየሁ» ይላል እንጂ «ፊልም ሰማሁ» ሲል አይደመጥም። ቋንቋው ራሱ ለዓይን ያደላል። ሆኖም ከሥዕሉ ጎን፣ በሴሉሎይዱ ጠርዝ ላይ፣ ከሁለት ሚሊሜትር እምብዛም በማይበልጥ ስፋት የታተመች አንዲት መሥመር አለች። የሰው ቃል፣ የበሬ ግሣት፣ የዝናብ ውሽንፍርና የማሲንቆ ለቅሶ ሁሉ በእርስዋ ተሸክመው ይጓዛሉ። የዛሬው ንግግር ስለዚህች መሥመር ነው፤ ምሳሌውም ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ያዘጋጁት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ገጠር ተቀርጾ በ1976 ለሕዝብ ቀረበ። በጥቁርና ነጭ የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ 150 ደቂቃ ነው። ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተ ሰብ ኑሮ ነው። አባት፣ እናትና ልጆች ከንጋት እስከ ምሽት የሚለፉት ለባለርስቱ ነው። ባለርስቱ ከቤቱ ደጅ ተቀምጦ ማሳውን ቁልቁል እየተመለከተ ያዝዛል፣ ይቆጣል፣ ይሳደባል። የቤቱ ሴት ልጅ የጌታውን ላም ከጎርፍ ለማዳን ስትሞክር ውኃ ይወስዳታል። ከበበ የሚባለው፣ አገሩን ከጠላት ሲከላከል ኖሮ መሬቱን የተነጠቀውና በድልድይ ሥር የሚያድረው ሰው፣ ሌላው በሆዱ የያዘውን በአደባባይ ይናገራል፤ በመጨረሻም ባለርስቱን ይገድላል።

ይህን ታሪክ ከድምፁ አንጻር የመረመረ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። በፊልሙ ውስጥ የመሬት ይዞታና የድምፅ ይዞታ አንድ ናቸው። መሬት ያለው ይናገራል፤ መሬት የሌለው ይሠራል። ገበሬው የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ስለ እርሱ የሚናገሩለት ሞፈሩ፣ ጅራፉ፣ እግሩና ትንፋሹ ናቸው። «እብድ» የተባለው ከበበ ብቻ ነው ያለ መሬት ድምፅ ያለው፤ እብድ የተባለበትም ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

የነገሩን ክብደት በሙያው ሚዛን ማየት ይቻላል። በገላጣ ሜዳ የአንድ ሰው ድምፅ፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር፣ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከደጁ ሳይነሣ ማሳ ላይ ያለውን ሰው ማዘዝ የሚፈልግ ጌታ መጮኽ አለበት፤ ጩኸቱም ቁጣ ይሆናል። በአንጻሩ የገበሬው ትንፋሽ ከጥቂት ክንድ አልፎ አይሰማም። ባለርስቱ የጭሰኛውን ትንፋሽ ሳይሰማ መኖር ይችላል፤ ርቀቱ ይጠብቀዋል። ማይክሮፎን ወደ ሠራተኛው ሲጠጋ ግን ርቀቱ ይፈርሳል። ተመልካቹ ጌታው ሰምቶት የማያውቀውን ይሰማል። ካሜራው ባይኖር እንኳ ይህ ብቻውን ፍርድ ነው።

የፊልሙን ሙዚቃ ያዘጋጁት ተስፋዬ ለማ ናቸው። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ለብዙ ዓመታት መርተዋል። ጓዱ የታወቀው በልዩ ልዩ አካባቢ ተለያይተው ይኖሩ የነበሩትን ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትን፣ በገናን፣ እምቢልታንና ከበሮን በአንድ መድረክ በማሰባሰቡ ነው። የውጭ አገር ኦርኬስትራ በቀላሉ በሚገኝበት ዘመን እንዲህ ያለውን የሙዚቃ ሰው መምረጥ ራሱ አቋም ነበር። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ያላት፣ በፈረስ ጭራ የምትመታ፣ ቆዳ የለበሰች መሣሪያ ናት። ድምፅዋ እንደ ሰው ጉሮሮ ሻካራ ነው። ለሻካራ ኑሮም የተመቸች ናት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የተሸከመችው መሥመር ምን ያህል አቅም ነበራት? ለምሳሌ ያህል በ16 ሚሊሜትር ቅጂ ላይ ያለችውን እንመልከት። በ16 ሚሊሜትር ፊልም ሥዕሉ በሰከንድ 24 ጊዜ ሲለዋወጥ ፊልሙ በሰከንድ 18.3 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል። የ150 ደቂቃ ፊልም ርዝመቱ 1,646 ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። የመብራት ጨረር በቀጭን ስንጥቅ አልፎ የድምፁን መሥመር ያቋርጣል፤ የመሥመሩ ስፋት በጠበበና በሰፋ ቁጥር ወደ ማዶ የሚያልፈው ብርሃን ይቀንሳል፣ ይጨምራል፤ ብርሃኑን የሚቀበለው መሣሪያ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ማጉያው ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። ሥዕሉ በመብራቱ ፊት ቆም እያለ ሲያልፍ ድምፁ ግን ያለ መቋረጥ መፍሰስ ስላለበት፣ ሁለቱ የሚነበቡበት ቦታ የተለያየ ነው። ስለሆነም ድምፁ ከሥዕሉ 26 ምስል ቀድሞ ይታተማል።

በዚህ ፍጥነት 5,000 ኸርዝ የሚርገበገብ ድምፅ በፊልሙ ላይ የሚያገኘው ርዝመት ከ0.037 ሚሊሜትር አይበልጥም። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በስንጥቁ ስፋትና በፊልሙ ቅንጣት መካከል ይጠፋል። ከሰው ቃል «ሰ» እና «ሸ» ይደበዝዛሉ፤ ከማሲንቆ የደጋኑ ፍትጊያ ይለዝባል። ትልቁ ጉዳት ግን ሌላ ነው። አቧራና ጭረት በመሥመሩ ላይ ሲያርፉ እንደ ድምፅ ይነበባሉ፤ ሽሽታና ቅጭልታም ይሆናሉ። ጩኸትና ሙዚቃ በበዛበት ፊልም ይህ ይሸፈናል። በዝምታ የተሠራ ፊልም ግን የሚሸፍነው የለውም። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ኃይሉን ያኖረው መሣሪያው ይበልጥ በሚደክምበት ሥፍራ ነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ፊልሙ በማርቲን ስኮርሴዚ የፊልም ጥበቃ ድርጅት ድጋፍ፣ በጣልያን አገር ቦሎኛ ከተማ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ታድሷል። እዚህ ላይ ማንኛውም መሐንዲስ ሊያስብበት የሚገባ ጥያቄ ይነሣል። ዛሬ ድምፅን በኮምፒዩተር የማጥራት ዘዴ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ንግግር ከሌለበት ሥፍራ የሽሽታው ናሙና ይወሰዳል፤ ከዚያም ያንን የሚመስል ሁሉ ከጠቅላላው ይቀነሳል። ነገር ግን በነፋስ የሚተኛ የጤፍ ማሳ፣ ከሩቅ የሚወርድ ወንዝና የሣር ክዳን ላይ የሚወርድ ካፊያ በመለኪያ መሣሪያው ፊት ከሽሽታ ብዙም አይለዩም። ማሽኑ «ሁከት» ብሎ የሚጥለው አገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መቆጣጠሪያውን የሚይዘው ሰው የድምፅን ቀመር ብቻ ሳይሆን የጤፍን ድምፅም ማወቅ አለበት። እጁን መቼ እንደሚሰበስብ የሚነግረው ቀመሩ ሳይሆን ጆሮው ነው።

ነገሩ የበለጠ የሚከብደው ያ ድምፅ ዳግመኛ ሊቀዳ ስለማይችል ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነበት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ የተቀረጸው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ከሚታዩትም ሰዎች አብዛኞቹ ሙያተኛ ተዋንያን አልነበሩም። ጌታ ጭሰኛን የሚጠራበት ቅላፄ፣ ጭሰኛውም «አቤት» የሚልበት የጉሮሮ መሰብሰብ፣ አዋጁ ከወጣ በኋላ የተወለደ ሰው ከአያቱ አፍ ካልሆነ ሊሰማው አይችልም። ሕጉን በነጋሪት ጋዜጣ ማንበብ ይቻላል፤ ቅላፄውን ግን አይቻልም።

በኋላ የተሠሩ የገጠር ፊልሞችም ድምፅን በየራሳቸው መንገድ ተጠቅመዋል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ሲቀርብ ሙዚቃውን የሠሩት ጆርጋ መስፍንና ቪጄይ አየር ነበሩ፤ ልቡ በእናቱ መንደርና በጀርመን አገር መካከል ለተከፈለ ምሁር ሁለት ዓለም የሚያውቅ ሙዚቃ ተገቢ ነበር። በ2015 በካን ፌስቲቫል የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ደግሞ ክሪስቶፍ ሻሶል የተባለውን የፈረንሳይ ሙዚቀኛ መርጧል። ምርጫው የየዘመኑ ነው። ሦስቱን በተከታታይ ያዳመጠ ሰው ግን ከሥዕል ይልቅ በድምፅ የዘመን መለወጥን ይረዳል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

ጉዳዩ የገጠርና የጥንት ብቻ እንዳይመስል፣ ይህ ጉባኤ ከተሰበሰበበት ሠፈር ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በብሥራተ ገብርኤል ገና ሳይነጋ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ቀጥሎ የታክሲ ረዳት «ሳር ቤት፣ ሜክሲኮ» እያለ ይጣራል፤ ጥቂት ቆይቶ የብረት መቁረጫው ያፏጫል። የሠፈሩ ነዋሪ ይህን «ጫጫታ» ይለዋል፤ የድምፅ ባለሙያም ከሥራው ሊያስወግደው ይደክማል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ግን የተወሰኑት አይኖሩም፤ በዚህ ሠፈር ሰው እንዴት ይኖር እንደነበር የሚጠይቅ ልጅ ይመጣል። በዚያን ጊዜ መልስ የሚሆነው ሳይጠራና ሳይቆረጥ፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት የተቀመጠ ቅጂ ነው።

ስለዚህ ከባለሙያው የሚጠበቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ማንኛውንም አሮጌ ድምፅ ሲያድስ ያልተነካውን የመጀመሪያ ቅጂ ለብቻው ማኖር ነው፤ የዛሬው ጆሮ የሳተውን የነገው ያገኘው ይሆናልና። ሁለተኛው፣ «ሁከት» ብሎ ከመጣሉ በፊት «ይህ የማን ድምፅ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጭሰኛው በዘመኑ የሚሰማው አልነበረም። በፊልሙ ጠርዝ ባለችው ቀጭን መሥመር ላይ ግን ትንፋሹ ተርፏል፤ ያንን ትንፋሽ እንደ አቧራ ጠርጎ መጣል ሁለተኛ ጊዜ ዝም ማሰኘት ይሆናል።