በእናት እጅ የተሰፋ ቀሚስ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ፍልስፍና ወይም ስለ ኤኮኖሚ ሳይሆን ስለ ቀሚስ በመሆኑ የሚስቅ ቢኖር አልቀየምም። ነገር ግን ከአገር ቤት የተላከላትን የሐበሻ ቀሚስ አንድ ቀን ሞክራ፥ «አልሆነኝም» ብላ በሳጥን የቈለፈችበት ተማሪ በየመኝታ ቤቱ አትጠፋም። ንግግሬ ለእርስዋ ነው።

ያ ቀሚስ እንዴት እንደ ተሠራ እናስታውስ። ጥጡ ተዳመጠ፥ ተባዘተ፥ በእንዝርት ተፈተለ፤ ሸማኔው ሸመነው፤ እናት በመርፌ ሰፋችው። ይህ የወራት ድካም ነው። ታዲያ ስለ ምን አልሆነም? እናት የለካችው በትዝታ ስለ ሆነ ነው። ልጅዋ ከቤት በወጣችበት ቀን የነበራትን ትከሻና ቁመት አስባ ቈረጠች፤ ልጅቱ ግን በዚያ ልክ አልቆየችም። ስለዚህ ጉድለቱ የርቀት እንጂ የእጅ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ጉድለት ደግሞ ይታረማል።

መቀስ ከማንሣት በፊት ቀሚሱ ይታጠብ። ሸማ ድሩ ተወጥሮ የሚሠራ ስለ ሆነ ውሃ ሲያገኘው ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ የተስተካከለ ቀሚስ ኋላ ሲታጠብ እንደ ገና ይጠባል። ከዚህ በኋላ ገልብጦ ለብሶ፥ ጓደኛ በመርፌ ቁልፍ ልኩን እንድትይዝ ማድረግ ነው።

ቀሚሱ ሰፊ ከሆነ ከግራና ከቀኝ እኩል ይግባ፤ ትርፉ ግን አይቈረጥ፤ ነገ ያስፈልግ ይሆናልና። ብብቱ የሚይዝ ከሆነ ስፌቱን ፈትቶ አራት ማዕዘን እራፊ ማስገባት ነው፤ ያን ጊዜ ክንድ ሲነሣ ቀሚሱ አብሮ አይጐተትም። ቁመቱ ካጠረ አስቀድሞ የታችኛው እጥፋት ይፈታ፤ ካልበቃም ከአሮጌ ነጠላ ላይ የሚስማማ ጥለት ወስዶ መቀጠል ነው። ቅጥሉ ጌጥ እንጂ መጣፊያ አይመስልም። የተቈረጠ ሸማ ዳሩ ቶሎ ስለሚተረተር ወዲያው ይቀምቀም። ገንዘብ ያላት ለልብስ ሰፊ ብትሰጥ መልካም ነው፤ ነገር ግን ትርፉን እንዳይቈርጥ ትንገረው።

ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ወንድም ቢኖር፥ በአገራችን ሸማውን ሲሸምኑ የኖሩት ወንዶች መሆናቸውን ያስብ። እናቱ የሠራችለት ሹራብም ቢሆን እንዲሁ የሚታረም ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልፈጽም። ቀሚሱን አስተካክለን «ሆነኝ» ብለን ብቻ ከጻፍን፥ የሚመጣውም በትዝታ መለካቱ አይቀርም። ስለዚህ ሦስት ክር በልካችን ቈርጠን ከደብዳቤው ጋር እንላክ፤ ለትከሻው አንድ ቋጠሮ፥ ለደረቱ ሁለት፥ ለቁመቱ ሦስት። ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ ይህን ታነባለች።